የኋላ ጎማዎች ለምን ሞቁ

መካኒኩ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። «ይሄም ንጹሕ ነው» ይላል። ካንዴላዎቹንም እንዲሁ ብሏል። የጎማዎቹን ነፋስ ለክቶም ምንም አልጎደለም ብሏል። ደህና ነው ባለ ቁጥር «ሌላውንስ?» እለዋለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን አንድ የተበላሸ ነገር እንዲያገኝልኝ ነው የምጸልየው። ይህች መኪና ከልጄ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። እኔ ስነዳት እሑድ ፉል ከተሞላች እስከሚቀጥለው እሑድ ታደርሰን ነበር። ካለፈው ወር ጀምሮ መሪውን ልጄ ይዛለች፤ አሁን ሐሙስ ላይ ቤንዚን አለቀ ይባላል። የምትሄደው ርቀት ያኔም ይህንኑ ያህል ነበር። ጠዋት እኔን መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ታወርደኛለች፤ ከዚያ አውቶቡስ ወደማይደርስበት፣ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ከሥራ ስወጣ መልሳ ትወስደኛለች። ታዲያ ቤንዚኑ የት ይገባል? ያላሰብኩት የለም። ባለትዳር ወንድ አስቤያለሁ። ከእኔ የደበቀችው በሽታና የሐኪም ቤት ምልልስ አስቤያለሁ። አንዳንድ ቀን ሁለቱንም ባንድ ላይ።

ዛሬ ጠዋት አፌ አመለጠኝ። «መኪናዋ ጤነኛ ናት ከተባለ ቁልፉን ትመልሺልኛለሽ» አልኳት። ቁልፉን ይዛ ቀድማኝ ወጣች። ቁልፉ ከሌለ ሥራው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጋሼ፣ ሞተሩ አርጅቶ ይሆን?» ትላለች ልጄ። ድምፅዋ ልመና አለበት።

«እርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ፤ እኔን እዪኝ። ይቺ ግን በአንድ ወር ነው አመሏን የቀየረችው። እትዬ፣ ባለፈው ወር ምን ተለወጠ?»

«ነጂዋ» እላለሁ።

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«እንግዲያው ላም ባልዋለበት ኩበት አንልቀም፤ ሞተሩን እንተወው። ሁለታችሁም እንደ ሁልጊዜው ግቡና እስከ አደባባዩ ደርሳችሁ ተመለሱ። ፍሬን እምብዛም አትርገጪ፣ ልጄ። ስትመለሺም የእጅ ፍሬን አትሳቢ፤ በማርሽ አቁሚያት።»

«ለምን?» እለዋለሁ።

«ጎማዎቹን የምጠይቃቸው ነገር አለ።»

ሄደን እንመለሳለን። መንገድ ላይ አንድ ሞተር ብስክሌት ከጎን ሲወጣ «አየሽው?» አልኳት፤ «አየሁት» አለችኝ።

መካኒኩ የእጁን ጀርባ ወደ ፊተኛው ጎማ ብረት ያስጠጋል። «ይምጡ እትዬ፤ እንዲህ፣ ሳይነኩት።» የሚያቃጥለኝ መስሎኝ ፊቴን አዞራለሁ። ግን ለብ ያለ ብቻ ነው። ሌላኛውም ለብ ያለ። ወደ ኋላ እንዞራለን፤ እዚያ እጄን ገና ሳላስጠጋ ወላፈኑ ይቀበለኛል፣ አሁን ከእሳት እንደወረደ ድስት። በወዲያኛው በኩል ያለውም እንደዚያው። ፍርሃቴን ረስቼ ተመልሼ ወደ ፊተኞቹ እሄዳለሁ፤ ደግሞ ወደ ኋለኞቹ። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን በነዳኋት ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አላወቅሁም።

«ፍሬን ሲረገጥ ይበልጥ የሚሠሩት የፊቶቹ ናቸው» ይላል መካኒኩ። «መሞቅ የነበረባቸውስ እነሱ ነበሩ። የኋላዎቹ ለምን ሞቁ?»

ልጄ ትቀድመኛለች። «የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላዎቹን ነው። ግን ጋሼ፣ እኔ እኮ ስነሳ እስከ ታች ነው የማወርደው። አሁንም አውርጄዋለሁ።»

በሩን ከፍቶ ጎንበስ ይላል። «የእጅ ፍሬኑ አንድ ጥርስ ከፍ ብሏል። የማስጠንቀቂያው አምፖልም ተቃጥሏል፤ በምን ታውቂዋለሽ።»

መኪናዋ ውስጥ የነበርነው ሁለት ነን። ግራ እጄ ይከብደኛል።

«እኔ ነኝ» እላለሁ። «ስትነጂ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። እንዳይሰማሽ ቀስ ብዬ። አንድ ጥርስ ብቻ። ድንገት ፍሬኑ እምቢ ቢልሽ ብዬ ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ስትወርጂስ ትመልሺዋለሽ?»

ይህን አስቤው አላውቅም። መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ስወርድ ዞር ብዬ እንኳ አላየውም። እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ በተያዘ ፍሬን ስትሄድ ከርማለች።

መካኒኩ አንዱን የኋላ ጎማ ፈትቶ ውስጡን ያያል። «የፍሬኑ ሸራ ሳስቷል፤ ግን አላለቀም። የፈሩት ይደርሳል አሉ፤ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ፍሬኑ እውነትም እምቢ ይላችሁ ነበር።»

ልጄ አጠገቤ መጥታ ትቆማለች። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄያለሁ።

«የት የምሄድ መስሎሽ ነው?»

«ባለትዳር ሰው ጋ።»

ታየኛለች። «አራት ክፍል ደብተር እያረምኩ? በየትኛው ሰዓት፣ እማ?» ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን አይስቅም። «ብትጠይቂኝ ኖሮ...»

«ብጠይቅሽ እውነት ሆኖ ቢገኝስ?»

መካኒኩ ጎማውን መልሶ ያጠብቃል። «አሁን ከኋላ ባለው ሜዳ መንገድ ላይ ውሰዷት። ማርሹን ዜሮ አስገቢና ዝም ብለሽ ልቀቂያት፤ የሚይዛት ከሌለ በራሷ ሩቅ ትንከባለላለች።»

ከጋራዡ ጀርባ ያለው መንገድ ቀጥ ያለና ባዶ ነው። ልጄ ትንሽ ትነዳና ዜሮ ታስገባለች፤ ሁለቱንም እግሮቿን ከፔዳሎቹ አንስታ ታሳየኛለች። እጆቼን ጭኖቼ ሥር አድርጌ እቀመጥባቸዋለሁ። የመብራቱ ምሰሶ ጋ ትቆማለች ብዬ ነበር፤ አለፈችው። የግንቡ ጫፍ ጋ ትቆማለች ብዬ ነበር፤ እሱንም አለፈችው።

«የት ነው የምትቆመው?» እላታለሁ።

«እንጃ» ትላለች ልጄ፣ ወደ ፊት እያየች።

የሚሰማው ጎማዎቹ አሸዋውን ሲረግጡት ብቻ ነው፣ በጣም በቀስታ፣ ግን አሁንም እየተንከባለሉ።