ዳዶውን የያዘ

በሐረር ከነበሩት ጥቂት መኪኖች አንዷ ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች። ዐብዱልገኒ ከሥሯ ተንጋልሎ የዛገውን የባሌስትራ ብሎን ይታገላል። ብሎኑን ባዞረ ቁጥር ጫፉን ያሰረው ዳዶ በወዲያ በኩል አብሮት ይዞራል።

ዳዶውን ይይዝለት የነበረው ባልንጀራው ባሕሩዲን ነው። ባለፈው ሳምንት ይህችው መኪና ደረቱ ላይ ወድቃ ገደለችው።

ባሕሩዲን ከሥሯ ከመግባቱ በፊት «ድንጋዩ ይነቃነቃል» ብሎት ነበር።

«አቦ፣ አትፍራ፤ ግባ» አለው ዐብዱልገኒ። ከቀብሩ ሲመለስ ያናደደው የሥራው መጓተት ብቻ ነበር።

ዛሬም በልማዱ «ቢስሚላህ፤ ያዝ» አለና መፍቻውን አዞረ። ዳዶው ቀጥ ብሎ ቆመለት፤ ብሎኑም እየጮኸ ተፈታ። ደስ ብሎት ሳቀ። ብቻውን መሆኑ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ተንፏቆ ሊወጣ ሲል፣ ከወዲያ በኩል የባሕሩዲን ድምፅ «አቦ፣ አትፍራ» አለው።

ድንጋዩ ተነቃነቀ።