የጋሽ አርአያ ዘመዶች

የሕንፃችን በር የሚከፍተው የሰው ፊት በካሜራ እያየ ነው። ባለቤቱ ጋሽ አርአያ እኛ ተከራዮቻቸው “እንግዳ” መባላችንን ስላልወደዱ ሁላችንንም “ዘመድ” ብለው አስመዝግበውን ነበር። ዛሬ ባንኩ ሕንፃውን በዕዳ ሲረከብ የጋሽ አርአያን ዘመዶች በሙሉ ከበሩ መዝገብ ላይ ሰረዘ።

ይህን ያወቅሁት አመሻሹ ላይ ክር ልገዛ ወርጄ ስመለስ ነው። የሁለት ዓመቷ ልጄ ሶልያና ሦስተኛ ፎቅ፣ ልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ ተኝታለች።

“ልጄ ውስጥ ናት!” አልኩት በሩን።

“ውስጥ ሰው የለም” አለኝ። ቀና ስል የሱቄ መብራት ጠፋ።

“በቃ፣ ታፍና ልትሞትብኝ ነው!”

“አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሞት ነው የሚታይሽ” አለ ዘበኛው ቦጋለ እየሳቀ። “የባንኩ እንግዳ ነኝ በይውና ግቢ።”

እንዳለኝ አልኩ፤ ተከፈተልኝ። ሶልያና በጨለማው ውስጥ የጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። አቅፌያት ወረድኩ።

በሩ ግን አልከፍት አለ።

“የገባው እንግዳ አንድ ነው” አለ በትሕትና። “እባክዎ፣ የያዙትን ዕቃ ወደ ቦታው ይመልሱ።”

ቦጋለ ከበሩ መስታወት ማዶ ቆሞ ወደ ባንኩ ደጋግሞ ይደውላል። መሳቁን ትቷል። እኔም ልጄን ከእቅፌ አላወረድኳትም።