አፍህን ዝጋ!

ወረርሽኙ ከተማውን ማመስ ሲጀምር የመንደሩን መግቢያ በድንጋይ ያዘጋው እሱ ነው። ገበያ ከቆመ ሰንብቷል። ጎተራው ተሟጦ ሚስቱ ለልጆቹ ጎመን በጨው ስትቀቅል ከርማለች። እሱ ግን «ረሃብስ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ ይኼኛው ፋታም አይሰጥ!» እያለ ዱላውን ይዞ ኬላው ላይ ይውላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ከከተማ መጣ። ሾፌሩ ጭንብሉን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ በመስኮት ብቅ አለ።

«ወንድሞቼ፣ እኔ እኮ...»

«አፍህን ዝጋ! በትንፋሽህ ልትፈጀን ነው?»

ይህን ብሎ የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው ኬላ ጠባቂው ነበር። መስታወቱ ረገፈ። የመንደሩ ጎረምሶች ተሯሩጠው ሾፌሩን ጎትተው አወረዱት። ሾፌሩ ወደ ጭነቱ እየጠቆመ የሆነ ነገር ሊናገር ይታገላል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ግን ዱላ ያርፍበታል። ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ። እንደምንም ከእጃቸው አምልጦ እየተንገዳገደ ቁልቁል ሮጠ።

«በሽታው ከነመኪናው ይንደድ!»

ኬላ ጠባቂው ከዚያው ከመኪናው ናፍጣ ቀድቶ ሸራው ላይ አርከፈከፈና ክብሪት ጫረ። እሳቱ ተንቦገቦገ። ጎረምሶቹ እየዘለሉ ጨፈሩ።

ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ ጭሱን ወደ መንደሩ ነዳው። ያን ጊዜ ጭፈራው ባንዴ ቀጥ አለ። ሁሉም አፍንጫውን ወደ ላይ አቅንቶ ማሽተት ጀመረ።

የኬላ ጠባቂው ትንሿ ልጅ ከቤት ወጥታ እየሮጠች መጣች። የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ዘርግታለች።

«አባዬ፣ ቆሎ ሸተተኝ! ለእኔም ዝገንልኝ!»