ሰላምታ የሞላው ወረፋ

የስልክ ኔትወርኩ ንግግርን እያቆየ በወረፋ ማሳለፍ ከጀመረ ወዲህ የአንድ ቤት ወረፋ ጥቂት ቃል ብቻ ይይዛል፤ ከሞላ በኋላ የተነገረው ይጣላል።

ግድቡ መሰንጠቁን እንደሰማን እማዬ ወንዙ ዳር ለምትኖረው አክስቴ ለጥሩአየር ደወለች።

«ጥሩዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ከብቶቹስ? ጉልበትሽን ተሻለሽ?»

«እማዬ፣ ሰላምታውን ተዪውና ውሃው መጣ በያት!» ብዬ ጮህኩ።

«ደህና ዋልሽ ሳልላት እንዴት አስደነግጣታለሁ?» አለችኝና ቀጠለች፦ «ጥሩዬ፣ ውሃ እየመጣ ነው፤ ልጆቹን ይዘሽ ወደ ተራራው ውጪ!»

ስልኩ «ወረፋው ሞልቷል፤ የመጨረሻው መልእክት ተጥሏል» አለ። ደጋግመን ጮህን፤ ደጋግሞ ጣለው።

አመሻሹ ላይ፣ ውሃው መንደሩን ጠራርጎ ከወሰደው በኋላ፣ አክስቴ ውሃው ሳይደርስ የመለሰችው ድምፅ ተራው ደርሶ መጣ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴም ተሽሎኛል። እናንተስ?»