አረንጓዴው መስመር

ደረሰ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። በዚህ ሳምንት አምስተኛው ነው።

ኮምፒውተሩ «ቱን» ብሎ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ሲነቀል የሚያሰማው ድምፅ ነው። ወዲያው ደግሞ «ቱን» ብሎ ዲስኩ ተመለሰ። ምን ያደርጋል፤ ግልባጩ ተቋርጧል። አረንጓዴው መስመር ጫፍ ሊደርስ ጣት ሲቀረው ጠፋ።

«ዘመኑ ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ያ ባለ ሩዝ መፈልፈያው ጎረቤቴ ነው።»

ዲስኩ ላይ ያለው የአባቱ የመሪጌታ ተክለ ማርያም ድምፅ ነው። መሪጌታ ዓምና አርፈዋል፤ ድምፃቸው ሌላ የትም የለም። በእውቀቱ የሚባል የባሕር ዳር ሰው ከሦስት ዓመት በፊት መጥቶ አንድ ሙሉ ማኅሌት ቀርጿቸው ነበር። ሰሞኑን ለሥራ ወደ ወረታ ከተማ ሲመጣ ዲስኩን ይዞ ወደ ደረሰ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባ።

«የቢሮ ዕቃ ነው። ግልባጩ እስኪያልቅ እናንተ ጋ ይቆይ፤ ሲያልቅ ወስጄው እሄዳለሁ» አለ።

የደረሰ እናት ወይዘሮ ወለተ ሐና ጥግ ላይ ሩዝ ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው ዲስኩን አዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በርጩማቸውን ከጠረጴዛው አጠገብ አደረጉ።

«ይኸ አረንጓዴ ምንድን ነው ልጄ?»

«ግልባጩ ነው እማየ። እሱ ሲሞላ አለቀ ማለት ነው።»

«እ» አሉና ወደ ሰፌዳቸው ተመለሱ።

ደረሰ ያልሞከረው የለም። ገመዱን ቀየረ። ከፊት ካለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ነቅሎ ከጀርባ ሰካው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ያየህ በስልክ እየነገረው፣ ኃይል ለመቆጠብ ዩኤስቢውን የሚያስተኛውን ነገር ፈልጎ አጠፋው። የኤሌክትሪክ ማረጋጊያም አስገባ። ቱን።

በተቋረጠ ቁጥር፣ ፋይሉ ተበላሽቶ እንዳይሆን ፈርቶ፣ ከመጀመሪያው ከፍቶ ያዳምጠዋል። የመሪጌታ ድምፅ ቤቱን ይሞላል። ያን ጊዜ የወለተ ሐና እጅ ሩዙ ላይ ቀጥ ይላል። ደረሰ ግን አባቱን አይሰማም፤ ጆሮው ከግድግዳው ማዶ ካለው ሞተር ላይ ነው።

ንዴቱ ጸሎቱንም በላበት። አባታችን ሆይ ይጀምርና «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል።

ሐሙስ ዕለት ፊቱ እንደ ክረምት ርብ ወንዝ ደፍርሶ መፈልፈያው ገባ። ዘመኑ ገለባ ለብሶ ቆሟል።

«አንተ ሰው፣ አባቴን ሁለተኛ ልትገድለው ነው?»

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«ሞተርህን ስታስነሳው ዲስኬ ይነቀላል።»

«የእኔ ሞተር ቢሆን አምፖልህ አይደነግጥም? ኮምፒውተሩስ አይጠፋም? ዲስኩን ለይቶ የሚጠላ ምን ዓይነት ሞተር ነው?»

«አትቀልድብኝ።»

«አልቀለድሁም። ዕቃህ እንደ አመልህ አርጅቷል» አለ ዘመኑ፤ ሩዝ ያመጡት ሴቶች ሳቁ። «ነገ ማርያም ናት። ሞተሬ አይነሳም። ነገ ገልብጥና እናያለን።»

ማታውን በእውቀቱ ደወለ። ሥራውን ጨርሷል። ነገ በሰባት ሰዓት መኪና ይሳፈራል፤ አለቀም አላለቀም ዲስኩን ይወስዳል። ደረሰ ይህን ለእናቱ አልነገራቸውም። ምን ብሎ ያስጨንቃቸው።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ግልባጩን ጀመረ። በዓል ነውና ሰፌዱ ተሰቅሏል፤ ወለተ ሐና እጃቸውን አጣጥፈው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«አንች ጠብቂልኝ እማየ፤ ማንም አይንካው» አለና ዱላውን አንስቶ ወጣ።

የመፈልፈያው በር ላይ ሄዶ ቆመ። መንገደኛው እያየው ያልፋል። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቆመ ዘመኑ ከጽዋ ማኅበሩ መጣ፤ ነጠላው ገና ከትከሻው አልወረደም።

«ዘበኛ ስቀጥር ትዝ አይለኝም።»

«በሩን የሚከፍት ካለ እጁን እሰብራለሁ።»

«በማርያም ቀን?»

«በማርያም ቀን።»

ዘመኑ አየው። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና የደረሰ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«በል ያዝ። ሌላ ቁልፍ የለኝም። አሁን አንተ ቤት ሄደን እንይ። ካለቀ፣ መፈልፈያውን ከዚህ አነሣልሃለሁ። ካላለቀ በሰው ፊት ይቅርታ ትለኛለህ።»

«ያልቃል» አለ ደረሰ። «ዛሬስ ያልቃል።»

ሠፈሩ ጭር ብሏል። ወፍጮ የለ፣ ሞተር የለ። ደረሰ ቁልፉን ጨብጦ ከፊት ከፊት ሄደ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። በክፍተቱ አረንጓዴው መስመር ይታያል፤ ጫፍ ሊደርስ ጣት ቀርቶታል። አምፖሉ ፍንክች አላለም።

ቱን።

«አይዞዎት መሪጌታ፤ ገና አላለቀም፤ ማንም አይወስድዎትም» አሉ ወለተ ሐና፣ የነቀሉትን ገመድ መልሰው እየሰኩ።