ከኋላ የሚመጣው መኪና

«ከፊት ነው» ይላል ወንድሟ፣ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ እንዳጠለቀ፣ ለአስራ አንደኛ ጊዜ።

«ጋሼ፣ ከኋላ ነው! ከኋላህ አድርጌዋለሁ እኮ!»

«አንቺ አድርገሽው ይሆናል። መኪናው ግን አልሰማሽም።»

ጥርሷን ነክሳ ስክሪኑ ላይ ታፈጣለች። የድምፅ ሶፍትዌሩ መሀል ላይ ትንሽ ጭንቅላት ስሎ፣ የመኪናውን ድምፅ ቢጫ ነጥብ አድርጎ ያሳያል። ነጥቧ ከጭንቅላቱ ጀርባ ቁጭ ብላለች። በማውስ ይዛ ትንሽ ራቅ፣ ትንሽ ዝቅ ታደርጋታለች። ለስንቱ ፊልም ዝናብ ስታዘንብ፣ በር ስታንኳኳ የኖረች የድምፅ ባለሙያ በአንዲት መኪና ትንጨርጨር! እንዲህ ያለ እልህ ይዟት አያውቅም።

ለሌላ ሰው ቢሆን ድሮ ጥላው ሄዳ ነበር። ወንድሟ ግን ዓይኑን ካጣ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበር አልወጣም። ሃያ ዓመት መኪና የነዳ ሰው መኪና ፈርቶ! ለምናውም አልቅሳበትም፣ በመጨረሻ አንድ ቃል ሰጣት፦ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኖ መኪናው ከየት እንደሚመጣ በጆሮው ከለየ፣ ነገ ዓይነ ስውራንን በነጭ በትር መሄድ ከምታስተምር ሴትዮ ጋር መንገድ ይወጣል። ካልለየ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ ብሏል። እሱ ደግሞ ካለ አለ ነው።

«ድገሚው» ይላል። ያዳምጣል። «ናፍጣ ነው። ሦስተኛ ማርሽ። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ላይ እግሩን አሳርፎ የሚነዳ ገልቱ ነው። ከፊት።»

«ይሄን ሁሉ አውቀህ ከየት እንደሚመጣ እንዴት ይጠፋሃል?»

«እሱን ባውቅማ ቤት እቀመጥ ነበር?»

አንገቱን ሊያዞር ሲል ደሟ ይፈላል። «ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ አልኩህ!»

«አንቺ ጉንዳን፣ እኔ ሐውልት ነኝ እንዴ? ሰው ድምፅ ሲሰማ ዞር አይልም?»

እጇ ማውሱ ላይ ይቀራል።

ሄድፎኑ የጭንቅላትን መዞር የሚከታተል መሣሪያ አለው። ወንድሟ ራሱን እየነቀነቀ ስለሚያወራ ድምፁ እየዘለለ አስቸግሯት፣ ጠዋት ያጠፋችው ራሷ ነች። መሣሪያው ከጠፋ ደግሞ እሱ ሲዞር መኪናውም አብሮት ይዞራል፤ ፊትና ኋላውን በምን ይለየው! ሰውየውን ቀኑን ሙሉ እንደ ፎቶ ተነሺ ገትራ ስትጮህበት ዋለች።

«ደደብ!» ትላለች።

«ማን ነው ደደብ?»

«እኔ ነኝ። በል፣ አሁን እንደፈለግህ ዙር።»

መሣሪያውን አብርታ የመኪናውን ድምፅ እንደገና ትለቅና ትነሳለች። ስክሪኑን ማየት አስጠልቷታል። «እሺ?» ትለዋለች ከጀርባው ቆማ።

አገጩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወደ ግራ ይሄዳል። ምንም አይልም። በቃ አለቀ፣ ትላለች በሆዷ፤ ለሴትዮዋ ደውዬ አትምጪ እላታለሁ።

ድንገት ወንበሩ ይገለበጣል። ወንድሟ ወደ ኋላ ዞሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ክንዷን አፈፍ አድርጎ ወደ ግድግዳው ይጎትታታል።

«ጥግ ያዢ እንጂ!» ብሎ ይቆጣታል፤ መኪናው እስኪያልፍ ድረስም በደረቱ ከልሏት ይቆማል።