ኪሩቤልን የከበቡት ሰዎች

የባሌ የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያዎች ጉባኤ ሮቤ ውስጥ ተጠራ። ኪሩቤል ከጎባ መጥቶ አዳራሹን ሲቃኝ ባለሙያ የሚባል ሰው አላየም። ያየው የሠርግ ካሜራማን ብቻ ነው።

እሱም የሠርግ ካሜራማን ነው። ግን አዲስ አበባ ስድስት ወር ተምሯል።

«አካም፣ ኪሩቤል!» አለው ማሜ። ማሜ የጊኒር ልጅ ነው። በቪዲዮው ሙሽራን ከአበባ ውስጥ በማውጣት ይታወቃል።

«ዘንድሮስ ከምን አወጣሃት? ከሐብሐብ?»

«ካንተ አፍ አትውጣ እንጂ፣ ከየትም ትውጣ።»

ሰው ሳቀ። ኪሩቤል አልሳቀም።

«አባቴ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ካንተ የተሻለ ይቀርጻሉ።»

«አባትህማ ይሻላሉ፤ ሰው ያከብራሉ» አለ ማሜ።

አጠገባቸው ለሊሴ ተቀምጣለች። ሮቤ ላይ ስቱዲዮ አላት። የሰውን ፊት በኮምፒውተር እንደ ዱቄት ታነጣለች።

«እሷ ጋ ፎቶ የተነሳን ሰው እናቱም አትለየው» አለ ኪሩቤል።

«እናቱ ባትለየውም ሚስት ያገኛል» አለች ለሊሴ። «አንተ ጋ የተነሳው ነው እስካሁን የቀረው።»

አሁንም ተሳቀ። የሳቁት ሰብሳቢው አቶ አምባዬ ጭምር ናቸው። አቶ አምባዬ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣሉ። ስቱዲዮአቸው ግድግዳ ላይ አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃ አላቸው፤ የጎባ ሰው ግማሹ በዚያ አውሮፕላን ፊት ቆሞ ያውቃል። ኪሩቤል እሳቸውን የሚሰድበው በሆዱ ነው።

እሱ ወደ ጉባኤው የመጣው ለአንድ ሰው ብሎ ነው። ወይዘሮ ማናልበሽ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ሳነቴ ተራራ ላይ ስለ ቀይ ቀበሮ ፊልም ሊያሠሩ ነው፤ ለዚህም አገሩን የሚያውቅ አንድ ካሜራማን ይፈልጋሉ። ሻይ ሰዓት ላይ ሥራውን በስልኩ አሳያቸው። ወደዱት።

«ቁጥርህን ስጠኝ» አሉት። «ከምሳ በኋላ እደውልልሃለሁ። ካላገኘሁህ ግን ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ይዤ ነው የምወጣው።»

ኪሩቤል በደስታ ወጥቶ ጫማውን አስጠረገ። ሲመለስ ማሜ፣ ለሊሴና አቶ አምባዬ በር ላይ ተጠጋግተው ያንሾካሹካሉ። ሲያዩት ዝም አሉ።

ሰምተዋል ማለት ነው።

ለሊሴ አንገቷ ላይ የነበረውን ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች።

«ምነው፣ በአንድ ሻይ አሮጊት ሆንሽ?» አላት።

«በረደኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ስልክህን አውሰኝ፤ የኔ ዘጋብኝ» አለችው።

ሰጣት። ይዛው ወጣች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነው።

«ስልኬስ?»

«ቻርጅ ላይ ሰክቼልሃለሁ።»

«ማን ቻርጅ አድርጊልኝ አለሽ?»

ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች።

ምሳ ላይ ማሜ ሳህን ሞልቶ አመጣለት። «ብላ አቦ። በደንብ ብላ።» ይባስ ብሎ አጎረሰው። ለዓመታት ሲሰዳደቡ ማሜ አጉርሶት አያውቅም።

«ይህ ሥጋ ልክ እንዳንተ ቪዲዮ ነው» አለ ኪሩቤል። «ሲያኝኩት ቢውሉ አያልቅም።»

«ልክ ነህ» አለ ማሜ።

ኪሩቤል ናቃቸው። ጠዋት ይናከሱ ነበር፤ ሥራው የእሱ መሆኑን ሲሰሙ ጭራ መቁላት ጀመሩ። ስድብ እንኳ የሚመልስ ወኔ የላቸውም።

ቀጥሎ ግን ከዚህ የባሰ ነገር ጠረጠረ። አቶ አምባዬ ወደ ወይዘሮ ማናልበሽ ጠጋ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። ሴትዮዋ ወደ ኪሩቤል ዞረው አዩ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ሰበሩ። ስሙን አጥፍተውታል! ሊያነጋግራቸው ብድግ ሲል ማሜም ብድግ አለ። ሽንት ቤት ሲሄድም ማሜ ተከትሎት ሄዶ በር ላይ ቆመ።

«ጠባቂዬ ነህ?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው።»

ሲመለሱ አቶ አምባዬ ቆመው ይጠብቁታል። «ና እንሂድ፣ ልጄ። ወይዘሮ ማናልበሽ ወደ ጎባ ሊሄዱ ነው፤ እኛም እንከተላቸዋለን።»

ልጄ! ከመቼ ወዲህ? ቢሆንም ሴትዮዋ ካሉበት መቅረት አልፈለገም። የማሜ መኪና ውስጥ ገባ። ከኋላ፣ በለሊሴና በአቶ አምባዬ መሃል አስቀመጡት። የወይዘሮዋ መኪና ከፊት ትሄዳለች።

የስንዴውን ማሳ እያለፉ ኪሩቤል ንዴቱን መያዝ አቃተው።

«ያልገባኝ እንዳይመስላችሁ። ስልኬን ደበቃችሁ፣ ስሜን አጠፋችሁ። ሦስት ሆናችሁ አንድ ባለሙያ አይወጣችሁም፤ ስለዚህ የሰው እንጀራ ትቀማላችሁ። እርስዎስ አቶ አምባዬ፣ ለሽበትዎ እንኳ አያፍሩም?»

አቶ አምባዬ መሬት መሬት አዩ። ማሜ አፍንጫውን ሳበ።

«ጉንፋንህንም ወዲያ በለው» አለ ኪሩቤል።

ጎባ ገቡ። የወይዘሮዋ መኪና ከአስፋልቱ ወጥታ ወደ እነ ኪሩቤል ሰፈር ታጠፈች። ማሜም ታጠፈ። ከሩቅ፣ ከአጥሮቹ በላይ የድንኳን ጫፍ ታየ።

ኪሩቤል ሳቀ።

«ሠርግ ነው ለካ! ለካ ሠርግ ልታስቀርጹኝ ነው! ደግሞ በገዛ ሰፈሬ፣ እኔን ሳይጠሩ! የማን ሠርግ ነው?»

አቶ አምባዬ ክንዱን ጥብቅ አድርገው ያዙት። መኪናው የመጨረሻዋን ጥግ ዞረ።

ድንኳኑ የተተከለው በአባቱ ደጅ ነበር።